ከወሊድ በኋላ ማን ያግዝሽ? ቤተሰብ፣ ባል፣ ተከፋይ አጋዥ፣ ቤት ድረስ ምትመጣ አዋላጅ ወይስ የአራስ ማረፊያ

እርጉዝ እያለሽ ሰው ሁሉ ሚጠይቅሽ ስለ ምጡ ነው፣ የት ነው ምትወልጂው፣ በምጥ ነው በኦፕራሲዮን፣ ማን አብሮሽ ይገባል ምናምን። ከዛ በኋላ ስላሉት ስድስት ሳምንታት ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፣ «ማን ያርስሻል?»። እና ብዙዎቻችን መልሱን ምንሰጠው ማን ጊዜ አለው፣ ማን ቅርብ ነው፣ ማን እንዳይቀየም ብለን አስበን ነው። የተመረጠው ሰው የትኛውን ስራ መስራት ይችላል ብሎ ሚጠይቅ ግን የለም።

አራስ ቤት ውስጥ ያለው ስራ እኮ አንድ አይነት ስራ አደለም። አደጋ ለይቶ ማወቅ አንድ ስራ ነው፣ ሌሊት ህፃን ይዞ መቀመጥ ሌላ ነው፣ የጡት አያያዝ ማስተካከል ሌላ ነው፣ ልብስ ማጠብና ማብሰል ደሞ ሌላ። ይሄን ሁሉ እኩል አሳምሮ ሚሰራ አንድ ሰው አይገኝም፣ ሚገኘው ሁለቱን ጥሩ አርጎ ሰርቶ ሶስቱን ማይችል ሰው ነው። ስለዚ «ማን ይምጣ» ከማለትሽ በፊት «የቱ ስራ ሰው አጥቷል» ብለሽ ጀምሪ። መመዘኛዎቹን ላስቀድምና ከዛ አምስቱን አማራጮች በነሱ እንያቸው።

በምን እንመዝን

*አደጋ ሚለይ አይን።* ይሄን አንደኛ ያደረኩት ሌላው ሁሉ ቢጎድል ትደክሚያለሽ፣ ትነጫነጪያለሽ፣ ግን ታልፊዋለሽ፣ ይሄ ከጎደለ ግን ሚጠፋው ህይወት ስለሆነ ነው። ለእናትም ለህፃንም በጣም አደገኞቹ ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ናቸው። የአለም ጤና ድርጅት በ2022 (እንደ ፈረንጆቹ) ባወጣው መመሪያ ያለ ችግር በምጥ የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ውስጥ ትቆይ፣ ቤት ከወለደች ደሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለሙያ ይያት ይላል። ከዛ በኋላ ቢያንስ ሶስት ጊዜ መታየት አለባችሁ፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው፣ እና ስድስተኛው ሳምንት ላይ። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ብቻ ነው ሚያውቀው፣ «ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» የምትባለዋን። መሃል ያሉት ሁለቱ ናቸው ሚዘለሉት፣ ብዙ ነገር ሚበላሸው ደሞ እዛ መሃል ላይ ነው።

ማንም ያግዝሽ ማን እነዚን ምልክቶች ማወቅ አለበት፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። አንቺ ላይ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፓድ ሚያርስ ደም ወይ ከእንቁላል የሚተልቅ የረጋ ደም፣ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የቀላ ወይ መግል ያዘለ ስፌት፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲያም፣ የደረት ህመም ወይ ትንፋሽ ማጠር፣ አልለቅ ያለ ራስ ምታት፣ የአይን ብዥታ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ስር ሚሰማ ህመም። የመጨረሻዎቹን ሶስት በተለይ አትናቂያቸው፣ ከደም ግፊት ጋር ሚመጡ ናቸውና። በእርግዝና ጊዜ ግፊትሽ ደህና የነበረ ቢሆን እንኳ ከወለድሽ በኋላ ሊነሳ ይችላል፣ «እንቅልፍ ስላጣሽ ነው» ተብሎ ሚታለፈው ራስ ምታት አንዳንዴ እሱ ነው። ራስሽን ወይ ልጁን የመጉዳት ሃሳብ ከመጣብሽም እንደ ደም መፍሰሱ አስቸኳይ ነው፣ ነገ አይባልም።

ህፃኑ ላይ ደሞ፦ መጥባት እምቢ ካለ ወይ ለመጥባት እንኳ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 60 እና ከዛ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሙቀቱ 37.5 እና ከዛ በላይ ወይ ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይ መግል ከያዘ። ቢጫ መሆን በብዙ ህፃናት ላይ ሚታይ ነገር ነው፣ ግን በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ከመጣ ወይ መዳፉና የእግሩ ስር ድረስ ከደረሰ ወዲያው ሃኪም ጋ ነው። ፀሀይ አሙቁት እየተባለ ቀን መቁጠር የለም።

*እንቅልፍ።* አዲስ የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፣ ሌሊትም ጭምር። ጥያቄው ይሄ ሰው ሲመጣ እኔ ያልተቋረጠ አራት ሰዓት ልተኛ እችላለሁ ወይ ነው። ቀን ቀን መጥቶ ልጁን እያጫወተ ሲመሽ ሚሄድ ሰው እዚ ላይ ዜሮ ነው፣ ምንም ያህል ደግ ቢሆን።

*ማጥባት።* ወተት ብዙ ጊዜ ሞልቶ ሚመጣው ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ እስከዛ እንገሩ በቂ ነው፣ ትንሽ መምሰሉ አያስደንግጥሽ። ህፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል፣ እስከ 7 በመቶ ድረስ የተለመደ ነው፣ ወደ 10 በመቶ ከተጠጋ ግን አጠባቡን ባለሙያ ማየት አለበት፣ እና በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዛ በላይ ዳይፐር በሽንት ካረጠበ ጥሩ ምልክት ነው። አጋዥሽ ይሄን ካላወቀች ልጁ ባለቀሰ ቁጥር «ወተትሽ አልበቃውም» ትልሻለች፣ አንቺም ታምኛለሽ፣ ጡጦ ይገባል፣ ልጁ ጡት መሳቡን ይቀንሳል፣ ወተቱም በዛው ይቀንሳል። ፎርሙላ ምትሰጪ ከሆነም (ምክንያቱ ያንቺ ነው፣ ማንም አያፋጥሽም) ውሃና ዱቄቱን ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ሚለካና ጡጦ በደንብ ሚያፀዳ ሰው ነው ሚያስፈልግሽ፣ እንዲበቃ ተብሎ ውሃ ማብዛት ህፃን ያሳምማል።

*የቤት ስራ።* ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልብስ፣ እቃ፣ ምግብ፣ ትልቁ ልጅ ካለ እሱም።

*ስሜት።* በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ መበሳጨት፣ ሆድ መባስ በጣም የተለመደ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ሁለት ሳምንት አልፎት ከቀጠለ፣ ምንም ደስ ማይልሽ ከሆነ፣ ልጁ ተኝቶም አንቺ መተኛት ካቃተሽ ድህረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መታየት ያስፈልጋል። ኤዲንብራ የሚባል 10 ጥያቄ ያለው መለኪያ አለ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1987 ጀምሮ ሲሰራበት የቆየ ነው፣ የጤና ባለሙያሽን በሱ ጠይቂኝ ማለት ትችያለሽ። አጋዥ ስትመርጪ ደሞ ቀላል ፈተና አለው፣ ይቺ ሰው ፊት ማልቀስ እችላለሁ ወይ? ካልቻልሽ ከሷ ጋር አርባ ቀን መቀመጥ ረጅም ነው።

*ንፅህናና ደህንነት።* እጅ ታጥቦ ልጅ መያዝ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አለመጠጋት፣ ልጅን ሁሌም በጀርባው ማስተኛት፣ መኝታው ውስጥ ትራስና ለስላሳ ነገር አለማድረግ፣ ቢያለቅስ ቢያለቅስ አለመነቅነቅ። እዚ ላይ «እኛ ስናሳድግ እኮ...» ብሎ ሚጀምር ሰው ካለ ቀድመሽ ተነጋገሪ።

*ገንዘብና መውጫ።* ስንት ያስወጣል ብቻ ሳይሆን ካልተስማማን እንዴት ይቆማል ሚለውም ዋጋ ነው። በነፃ የመጣ ሰው ማሰናበት በገንዘብ ከመጣው ይከብዳል።

አንድ፦ ቤተሰብ (እናት፣ አማት፣ እህት፣ አክስት)

የብዙው ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘብ ማይጠይቅ፣ ሌሊትም ቀንም ሚገኝ፣ ልጁን ከልቡ ሚወድ ሰው ነው። በቤት ስራና በእንቅልፍ ከሌላው ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። «ሊ» ያልኩት በምክንያት ነው፣ በደንብ ካልተነጋገራችሁበት ቤተሰብ መጥቶ ሚይዘው ልጁን ነው፣ አንቺ ደሞ ኩሽና ትገቢያለሽ፣ እንግዳ ታስተናግጃለሽ፣ ስፌትሽ ሳይደርቅ ቆመሽ እቃ ታጥቢያለሽ። ሚያስፈልግሽ ተቃራኒው ነው፣ አንቺና ልጁ አንድ ላይ አልጋ ላይ፣ እነሱ ቤቱ ላይ።

አደጋ መለየት ላይ ቤተሰብ መሃከለኛ ነው። ብዙ ልጅ ያሳደገች እናት ህፃን «ልክ አደለም» ስትል ስሚያት፣ አይኗ የተለማመደ ነው። ግን «ይሄ ያለ ነው፣ ያልፋል» ስትልሽ የግድግዳውን ወረቀት እይ። እውቀቱም አንዳንዱ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ በሆዱ አስተኙት፣ ውሃ አቅምሱት፣ እትብቱ ላይ ይሄን ቀቡት ሚባለው። አሁን ያለው ምክር እትብት ንፁህና ደረቅ ሆኖ ይተው ነው፣ ውሃም እስከ ስድስት ወር አያስፈልግም፣ የመጀመሪያው ገላ መታጠብም ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ ነው ሚባለው።

ሁለት ነገር ከመውለድሽ በፊት ይለቅ። አንደኛ የስራ ክፍፍሉ፣ ማን ሌሊት ይነሳል፣ ማን ያበስላል፣ እንግዳ መቼ ይመጣል መቼ ይሄዳል። ሁለተኛ ንግግሩን ማን ያድርገው፣ ያንቺን እናት አንቺ፣ የሱን እናት እሱ። አማትሽን አንቺ ራስሽ «እማዬ እጅሽን ታጠቢ» ማለት ውስጥ አትግቢ፣ ልጃቸው ይንገራቸው፣ ከሱ ሲመጣ ቅር አይላቸውም። ወደነሱ ቤት መሄድ ወይስ እነሱ ይምጡ ለሚለው ደሞ፣ በኔ እይታ ለጤና ተቋም ሚቀርበው ቤት ነው ሚመረጠው፣ እኩል ከሆኑ ያንቺ ቤት ይሻላል፣ ደክሞሽ በር መዝጋት ምትችይው እቤትሽ ስለሆነ።

ሁለት፦ ባል እረፍት ወስዶ ሁለታችሁ ብቻ

ይሄ አማራጭ ከሚባለው በላይ ጥሩ ነው፣ በተለይ ፊቱ ማልቀስ ሚለው ላይ። ከሁሉም በላይ ግን ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ሚይዝ አባት ስድስተኛው ሳምንት ላይ ዳይፐር በየት በኩል እንደሚታሰር ሚጠይቅ አባት አይሆንም። ከማጥባት በቀር ማይችለው ስራ የለም፣ ማስገሳት፣ ማጠብ፣ ሌሊት ልጁን አምጥቶ ካጠባሽ በኋላ መልሶ ማስተኛት።

ድክመቱ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይመጣል፣ ሁለታችሁም እኩል ትደክሙና ቤት ውስጥ አንድም ያረፈ ሰው አይኖርም። ስለዚ ሌሊቱን ከፋፍሉት፣ አንድ ሰው ከመሸ እስከ እኩለ ሌሊት አንዱ ከዛ እስከ ንጋት፣ አብሮ መንቃት ጀግንነት አደለም። አባቶችም ድባቴ ይይዛቸዋል፣ ዝም ካለ ወይ ቶሎ ቶሎ ሚናደድ ከሆነ «ስራ በዝቶበት ነው» ብቻ አትበይ።

የእረፍቱ ቀን አጠቃቀም ላይ ሰው ብዙ ሲሳሳት አያለሁ። እናትሽም መጥታ ባልሽም እረፍት ወስዶ የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ከዛ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሄዳል፣ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ብቻሽን ትቀሪያለሽ። ልጅ ማልቀሱ ደሞ ብዙ ጊዜ እየጨመረ ሄዶ ጣራ ሚነካው ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። መስሪያ ቤቱ ሚፈቅድ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ይውሰድና ቀሪውን ቤተሰብ ሲሄድ ይጠቀምበት።

ሶስት፦ ተከፋይ አጋዥ

እዚ ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር አለ፣ ሰው ግን አንድ አርጎ ነው ሚያየው። አንዷ የቤት ስራ ምትሰራ ናት፣ አንዷ ሞግዚት ናት። ለአራስ ቤት ገንዘቤ ለአንዷ ብቻ ነው ሚበቃው ካልሽ፣ እኔ ለቤት ስራው ነው ምልሽ። ህፃኑ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ካንቺ ጋር ነው ሚውለው፣ ይጠባል ይተኛል፣ ሚገድልሽ ሳህኑና ልብሱ ነው። ሞግዚት በደንብ ምትጠቅምሽ ወደ ስራ ልትመለሺ ስትይ ነው፣ ያኔ ደሞ ከመመለስሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ገብታ አብራችሁ ብትሰሩ።

ከዚ ውጪ ሚሆነው የሌሊት ሞግዚት ነው፣ ማታ መጥታ ጠዋት ምትሄድ። ውድ ነው፣ ግን በሳምንት ሁለት ሌሊት እንኳ ቢሆን መንታ ለወለደች ወይ ድባቴ ለሚያሰጋት እናት ከአምስት ቀን የቀን እርዳታ በላይ ሊጠቅም ይችላል። ምታጠቢ ከሆነ ልጁን አምጥታልሽ፣ ስትጨርሺ ወስዳ አስገስታ ታስተኛለች፣ ወይ የታለበ ወተት ትሰጣለች። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ይሄን ካላወቀች አሳውቂያት።

ስትቀጥሪ ስለ ልምዷ ብቻ አትጠይቂ፣ ሁሉም «ብዙ ልጅ አሳድጌያለሁ» ነው ሚለው። ይልቅ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፣ ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ? መልሱ «አስቀምጬው ትንሽ ተረጋግቼ እመለሳለሁ፣ ካልቻልኩ እቀሰቅስሻለሁ» ከሆነ ጥሩ ሰው አግኝተሻል። «እኔ ጋ ልጅ አያለቅስም» ካለችሽ እለፊያት። በጀርባው ማስተኛቱን፣ ሳል ወይ ትኩሳት ሲይዛት ምን እንደምታደርግ ጠይቂ፣ ካንቺ በፊት የሰራችበትን ቤት ደውለሽ አናግሪ። እና ህመም ከያዛት ደሞዟ ሳይቆረጥ እንደምትቀር ንገሪያት፣ አለበለዚያ እያሳላት ትመጣለች፣ እውነቷን ነው።

መውጫው ቀላል ነው፣ ያልተስማማሽ ቀን ሂሳብ ተከፍሎ ይለያል። አደጋ መለየት ላይ ግን የህክምና ስልጠና ከሌላት ከጎረቤት የተለየች አድርገሽ አትያት።

አራት፦ ቤት ድረስ ምትመጣ አዋላጅ ወይ ነርስ

በመጀመሪያውና በሶስተኛው መመዘኛ (አደጋ መለየትና ማጥባት) ማንም አይደርስባትም። በአንዳንድ አገሮች በመንግስት ጤና አገልግሎት ውስጥ ያለና በነፃ ሚሰጥ ነው፣ ሌላ ቦታ በግል ይከፈላል፣ ስለዚ በግል ከመክፈልሽ በፊት በቅርብሽ ያለው ጤና ተቋም ቤት ለቤት ክትትል እንዳለው ጠይቂ፣ ብዙ እናቶች መብታቸው የሆነውን ሳያውቁ ያልፋሉ።

ችግሩ ትመጣለች ከዛ ትሄዳለች። ሌሊት የለችም፣ እቃ አታጥብም። ስለዚ ሌላ አማራጭ ላይ ሚደረብ እንጂ ብቻውን ሚበቃ አደለም። ጥሩ ጉብኝት ምን እንደሚመስል ካወቅሽ ግን አትታለይም፦ ደም ግፊትሽን ትለካለች፣ ሆድሽን ነክታ ማህፀን እየተመለሰ መሆኑን ታያለች፣ ምን ያህል ደም እየፈሰሰሽ እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ስፌትና ጡትሽን ታያለች፣ ሽንት እንዴት ነው ትልሻለች። ልጁን ልብሱን አውልቃ ቀለሙን እትብቱን ታያለች፣ ሙቀትና ክብደት ትለካለች። እና ቁጭ ብላ ሲጠባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታያለች። ይቺን የመጨረሻዋን በጣም ጠብቂ፣ የጡት ጫፍ ሚቆስለው ብዙ ጊዜ ልጁ ጫፉን ብቻ ስለሚይዝ ነው፣ አፉ በሰፊው ተከፍቶ ጥቁሩን ክፍል አብሮ መያዝ አለበት፣ ይሄ ደሞ በስልክ ሚታረም ነገር አደለም። ልጁን ከፎጣው ሳታወጣ «ደህና ነው» ብላ በአስር ደቂቃ የወጣች ባለሙያ ከሆነች ለሚቀጥለው ሌላ ፈልጊ። የሙያ ፈቃዷንም ማየት ነውር የለውም።

በግል ምትከፍዪ ከሆነና ገንዘብሽ ለሁለት ጉብኝት ብቻ ከበቃ ሶስተኛው ቀንና ሁለተኛው ሳምንት ላይ አድርጊያቸው፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ራስሽ ትሄጃለሽ።

በቪዲዮ ወይ በስልክ ሚሰጥ ምክርም አለ፣ ለጥያቄና ለማፅናናት ጥሩ ነው፣ ግፊት ግን በስልክ አይለካም።

አምስት፦ የአራስ ማረፊያ ማእከል

ከወለድሽ በኋላ ለአንድም ለሁለትም ሳምንት ገብተሽ ምታርፊበት ቦታ ነው፣ በአንዳንድ አገሮች በጣም የተለመደ ነው፣ በሌላው ገና አዲስ ነው። ምግብ፣ ልብስ፣ ልጅ መያዝ፣ ሁሉም ሰው አለው። በእንቅልፍና በቤት ስራ አንደኛ፣ በዋጋ ደሞ ከሁሉም በላይ።

እኔን ሶስት ነገር ያጠራጥረኛል። አንደኛው ብዙ ህፃን አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይዛመታል። ሁለተኛው ልጁ ሌላ ክፍል ሆኖ በሰዓት እየመጣልሽ ከጠባ የማጥባት ልምምዱ ይጓተታል፣ ስለዚ ልጁ ካንቺ ጋር ክፍልሽ ውስጥ ማደር ይችል እንደሆነ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ይሁን። ሶስተኛው ሆስፒታል አደለም፣ ቆንጆ መጋረጃና ነጭ ጋውን ሆስፒታል አያስመስልሽ። ሌሊት ተረኛ ነርስ አለ ወይ፣ ነርሷ ስንት ህፃን ትይዛለች፣ ችግር ቢመጣ ወዴት ነው ሚወስዱን በምን መኪና፣ ጎብኚ እንዴት ይገባል። እነዚን ጠይቀሽ ወደ ዋጋ ዝርዝሩ ከመለሱሽ መልስ አግኝተሻል።

ደሞ አስራ አምስት ቀን ተንከባክበውሽ ቤት ስትደርሺ ልጁን ከነሱ ያነሰ ምታውቂው ሊመስልሽ ይችላል። ከገባሽ በመጨረሻዎቹ ቀናት ማጠቡንም ማስገሳቱንም ራስሽ አርጊው፣ ባልሽም ይምጣና ይልመድ።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| | አደጋ መለየት | እንቅልፍ | ማጥባት | የቤት ስራ | ስሜት | ወጪ | መውጫ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ቤተሰብ | መሃከለኛ | ጥሩ | እንደ ሰዉ | በጣም ጥሩ | እንደ ግንኙነታችሁ | ዝቅተኛ | ከባድ |
| ባል | ካነበበ መሃከለኛ | መሃከለኛ | ደጋፊ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | የእረፍት ቀን፣ ምናልባት ደሞዝ | የለውም |
| የቤት ስራ አጋዥ | ደካማ | በተዘዋዋሪ | የለም | በጣም ጥሩ | ትንሽ | መሃከለኛ | ቀላል |
| የሌሊት ሞግዚት | እንደ ስልጠናዋ | በጣም ጥሩ | ደጋፊ | የለም | መሃከለኛ | ከፍ ያለ | ቀላል |
| አዋላጅ ወይ ነርስ | በጣም ጥሩ | የለም | በጣም ጥሩ | የለም | ጥሩ | ከነፃ እስከ መሃከለኛ | ቀላል |
| ማረፊያ ማእከል | ነርስ ካለ ጥሩ | በጣም ጥሩ | እንደ አሰራሩ | በጣም ጥሩ | መሃከለኛ | በጣም ከፍተኛ | እንደ ውሉ |

ሰንጠረዡን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አንብቢው። ከምትመርጪያቸው ሰዎች መሃል ከወጪና ከመውጫ በቀር በእያንዳንዱ አምድ ቢያንስ አንድ «ጥሩ» መኖር አለበት፣ የአደጋ መለየቱ አምድ ባዶ ከሆነ ደሞ ሌላው ቢሞላም እቅዱ አልተጠናቀቀም።

እንደ ሁኔታሽ

*በኦፕራሲዮን ከወለድሽ፦* ከልጅሽ ክብደት በላይ የሆነ ነገር ለጥቂት ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ሳምንት፣ አታነሺም። ትልቁን ልጅ ማቀፍም እዚ ውስጥ ነው፣ ለሱ ሰው ያስፈልገዋል። ቤት ስራ ሚይዝ ሰው (ቤተሰብ ወይ ተከፋይ) እና ስፌቱን ምታይ ነርስ። መነሳትና ቀስ ብሎ መራመድ ግን አይቅር፣ ዝም ብሎ መተኛት ለደም መርጋት ያጋልጣል።

*በእርግዝና ግፊት ከነበረብሽ፦* ገንዘብሽን ከሁሉም በፊት እዚ ላይ አውጪ። ሀኪምሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ ግፊትሽ የት እንደሚለካ ሳይነግርሽ አትውጪ፣ የቤት መለኪያ መግዛት ከቻልሽ ግዢ፣ 140 በ90 እና ከዛ በላይ ከሆነ ደውይ፣ 160 በ110 ከደረሰ ተነስተሽ ሂጂ።

*የመጀመሪያ ልጅ ከሆነና ማጥባት ካስጨነቀሽ፦* አዋላጅ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌላውን ባልና ቤተሰብ ይሸፍኑታል። ለዚ ብለሽ ማእከል አትግቢ።

*ሁለተኛ ሶስተኛ ልጅ ከሆነ፦* ህፃኑን ታውቂበታለሽ፣ ያጣሽው ለትልቆቹ ጊዜ ነው። እነሱን ሚያውቁት ሰው ይምጣላቸው፣ አዲስ ሞግዚትና አዲስ ህፃን ባንድ ሳምንት አታምጪባቸው።

*መንታ ወይ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ፦* ሁለት ሰው ሌሊት ያስፈልጋል፣ አንድ አይበቃም። ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ ልጅ ቆዳ ለቆዳ ደረት ላይ መያዝ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፣ ይሄን ደሞ አባትም መስራት ይችላል፣ እንዴት እንደሆነ ከሆስፒታል ሳትወጡ አሳዩን በሉ።

*ከዚ በፊት ድባቴ የነበረብሽ ከሆነ፦* መጀመሪያ ሃኪምሽ ይወቅ፣ መድሃኒት ምትወስጂ ከሆነ በራስሽ አታቁሚ። ከዛ ለእንቅልፍ ሚሆን ሰው፣ ባልም ይሁን የሌሊት ሞግዚት። እና ሁለት ሳምንት ሲሞላ «እንዴት ነሽ» ብሎ መልሱን ሚሰማ አንድ ሰው በስም መድቢ።

*ገንዘብ ከሌለ፦* ቤተሰብ ለቤቱ፣ ባል ለሌሊቱ፣ ጤና ተቋሙ ለሶስቱ ቀጠሮ። ይሄ ከሁሉም ርካሽ ሲሆን በትክክል ከተከፋፈለ ግን ከብዙ ውድ አማራጭ ይበልጣል። «ምን ላምጣልሽ» ለሚልሽ ሰው ሁሉ የልጅ ልብስ ሳይሆን አንድ ምሳ አብስለህ አምጣ በይው፣ ወይ አንድ ከሰዓት መጥተሽ ልብስ አጣጥበሽ ሂጂ።

*ብቻሽን ከሆንሽ፦* ባልም ቤተሰብም ቅርብ ከሌለ አንድ ሰው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብሮሽ ማደር አለበት፣ ጓደኛም ትሁን። ደም ቢበዛብሽ ልጅ ይዘሽ ራስሽን ሆስፒታል መውሰድ አትችይም። ከዛ በኋላ ጠዋትና ማታ ምትደውልልሽ ሰው፣ ካላነሳሽ በር ድረስ ምትመጣ፣ ትርፍ ቁልፍም እሷ ጋ ይቀመጥ።

እና ወልደሽ እቤት ገብተሽ ይሄን እያነበብሽ ከሆነ፣ ሁሉንም ዛሬ ማስተካከል አይጠበቅብሽም። የመጨረሻ የታያችሁበትን ቀን አስቢ፣ ከላይ ካሉት ሶስት ቀጠሮዎች ያለፈሽ ካለ ነገ ጠዋት ሂጂ ወይ ደውይ። ከዛ ዛሬ ማታ ማን ነው ልጁን ለአራት ሰዓት ያህል ሚይዝልኝ ብለሽ አንድ ሰው ጥሪ።